ወርክሾፕ ለሚገባ አርቲስት፦ የመጀመሪያ የብረት ሥራችሁ እንዳይጣመም፣ እንዳይሰበር፣ በር ላይ እንዳይቀር

ለሬዚደንሲ (አርቲስት ለተወሰነ ጊዜ ቦታ ተሰጥቶት ለሚሠራበት ቆይታ) ወደ ብረታ ብረት ወርክሾፕ የሚገቡ ወጣት አርቲስቶችን ሳይ ቆይቻለሁ። ብዙውን ጊዜ የሚሰጣቸው ሦስት ወር ነው። ንድፋቸው ያምራል፣ ጉልበትም አላቸው። መጨረሻው ላይ ግን ከሦስት ነገር አንዱ ይገጥማቸዋል። ቀጥ ብሎ የተጀመረው ሥራ ተጣምሞ ያልቃል። ወይ መኪና ላይ ሲጫን ብየዳው ይለቃል። ወይ ደግሞ ሥራው ከበሩ ይሰፋና በግራይንደር (በሚሽከረከር ዲስክ ብረት በሚቆርጥና በሚሞርድ ማሽን) ተቆርጦ ይወጣል።

ሦስቱም የሚመጡት ከቅደም ተከተል ስህተት ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለውን በተጻፈበት ተራ ሥሩት። ደረጃ አትዝለሉ።

መመሪያው የተጻፈው ለኤሌክትሮድ ብየዳ (ሽፋን ያለው የብረት ዘንግ በኤሌክትሪክ እየቀለጠ ሁለት ብረት ለሚያያይዝበት) ነው፤ በየሰፈሩ ያለው እሱ ስለሆነ። ቁጥሮቹም ከ2 እስከ 5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ላለው ተራ ብረት ናቸው። አሉሚኒየምና ስቴንለስ ሌላ ትምህርት ይፈልጋሉ።

መጀመሪያ ጊዜያችሁን ከፋፍሉ

12 ሳምንት ካላችሁ እንዲህ አድርጉት፦ 2 ሳምንት ለልምምድ፣ 1 ለሞዴልና ለሂሳብ፣ 1 ለመቁረጥ፣ 4 ለመገጣጠም፣ 2 ለሙሉ ብየዳ፣ 1 ለመሞረድና ለቀለም፣ 1 ለመጠባበቂያ። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት የሚቀመጥ ሥራ አትጀምሩ። ይህ ለብዙዎቻችሁ ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ። ግን በአምስተኛው ቀን የበየዳችሁትን በሰላሳኛው ቀን ስታዩት ራሳችሁ ትቆርጡታላችሁ።

## ደረጃ 1፦ ከመግባታችሁ በፊት

ሜትርና ማስታወሻ ይዛችሁ ወርክሾፑን አንድ ቀን ቀድማችሁ ጎብኙ። እነዚህን ለኩ፣ ጠይቁም፦

- የበሩ ስፋትና ከፍታ ስንት ነው? ወደ መንገዱ የሚወስደው መታጠፊያስ?
- የብየዳ ማሽኑ ስንት አምፔር ይሰጣል? የተሰካበት ብሬከር ስንት ነው?
- ከባድ ነገር የሚነሳው በምንድን ነው? በሰው ነው ወይስ በሰንሰለት?
- ኤሌክትሮድና ዲስክ የሚገዛው ማን ነው?
- ማሽኑ ለእናንተ ነፃ የሚሆነው በስንት ሰዓት ነው?

የመጨረሻውን በደንብ ጠይቁ። በአሜሪካ ዊስኮንሲን ግዛት ያለው የኮህለር ፋብሪካ የመታጠቢያና የመጸዳጃ ዕቃ ያመርታል። ከ1974 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ደግሞ አርቲስቶችን የሸክላና የብረት ማቅለጫ ክፍሎቹ ውስጥ ያስገባል። አርቲስቱ የሚሠራው ምርት እየተመረተ ከሠራተኛው ጎን ለጎን ነው። አምስት ሰው የሚሠራበት የሰፈር ወርክሾፕም ውስጥ ነገሩ ያው ነው። ማክሰኞ መድረስ ያለበት የግቢ በር አለ። እናንተ እንግዳ ናችሁ።

የራሳችሁን ጭምብል፣ ጓንት፣ ሜትርና መዶሻ ይዛችሁ ግቡ። የሰው መዶሻ ሳትጠይቁ አታንሱ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀናት ዕቃ አቀብሉ፣ መሬት ጥረጉ፣ እዩ። ሁለት ቀን ያቀበላችሁት በያጅ ሦስተኛው ቀን ላይ ሳትጠሩት መጥቶ እጃችሁን ያስተካክላል።

## ደረጃ 2፦ መጀመሪያ ሰውነታችሁን ጠብቁ

ዓይን። ለዚህ ዓይነት ብየዳ ቁጥር 10 ወይም 11 የጠቆረ መስታወት ያለው ጭምብል ያስፈልጋል። መነጽር ብቻ አይበቃም፤ ፊትና አንገት ይቃጠላል። ሌላ ሰው ሲበይድም በባዶ ዓይን አትዩ። ጉዳቱ ወዲያው አይታወቅም። ከጥቂት ሰዓታት በኋላ፣ ብዙ ጊዜ ማታ፣ ዓይን ውስጥ አሸዋ የገባ ያህል ይቆረቁራል። እንዲህ ከሆነ ድንች፣ ወተት ወይም ሌላ ነገር ዓይናችሁ ላይ አታድርጉ። አትሹት። ጨለማ ቦታ አርፉና ሐኪም ዘንድ ሂዱ።

ልብስ። ጥጥ ወይም ቆዳ ልበሱ። ናይለን ሲቃጠል ቆዳ ላይ ይጣበቃል። የሱሪያችሁ ጫፍ ጫማውን ከላይ ይሸፍን፤ ፍንጣሪ ጫማ ውስጥ ሲገባ ቶሎ አይወጣም። ላይተር ከኪሳችሁ አውጡ። ነጠላ፣ ስካርፍና የተለቀቀ ፀጉር ከግራይንደር አጠገብ አይቅረብ።

ጭስ። ጋልቫናይዝድ ብረትና የጣሪያ ቆርቆሮ ላይ ዚንክ አለ። ሲበየድ ነጭ ጭስ ያወጣል። ጭሱን የሳበ ሰው በሰዓታት ውስጥ ልክ እንደ ወባ ያንቀጠቅጠዋል፣ ያተኩሰዋል። በየወርክሾፑ ወተት ይጠጣል። ወተት ጥሩ ምግብ ነው፣ ሳንባ የገባ ጭስ ግን አያወጣም። የሚረዳችሁ ዚንኩን ከመገጣጠሚያው ዙሪያ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል መፋቅ፣ ክፍት ቦታ መሥራትና ነፋሱ ከጎን እንዲመጣ መቆም ነው። ስትፍቁም የአቧራ ማስክ አድርጉ። ብረት የምታጸዱበት ፈሳሽ ክሎሪን ያለበት ከሆነ፣ ለምሳሌ አንዳንድ የፍሬን ማጽጃዎች፣ ለብየዳ አትጠቀሙበት። በብየዳ ሙቀት መርዛማ ጋዝ ይሆናል።

በርሜል። ነዳጅ፣ ዘይት፣ ቀለም ወይም ኬሚካል የነበረበትን በርሜል አትበይዱ፣ አትቁረጡም። ታጥቧል ቢባልም። ስንጥቁ ውስጥ የቀረው ትነት ይፈነዳል። ለቅርጽ ሥራ በርሜል ማራኪ እንደሆነ አውቃለሁ። ላሜራ (ጠፍጣፋ የብረት ሉህ) ገዝታችሁ ጠቅልሉ።

ግራይንደር። ከብየዳው ይበልጥ የምፈራው ይህን ነው። መከላከያ ክዳኑን አታውልቁ። ትልቅ ዲስክ ትንሽ ግራይንደር ላይ አትግጠሙ። የ115 ሚሊ ሜትር ዲስክ በደቂቃ እስከ 13,300 ዙር ይችላል፤ የ230ው ግን 6,600 ገደማ ብቻ። ትልቁን ፈጣን ማሽን ላይ ካሰራችሁት ይበታተናል። ዲስኩ መሃል ያለው የብረት ቀለበት ላይ የመጨረሻ ቀኑ ተጽፏል፤ አንብቡት። በመቁረጫ ዲስክ ጎን አትሞርዱ። ስትቆርጡ ከዲስኩ መስመር ፊት ለፊት ሳይሆን ወደ ጎን ቁሙ።

እሳት። ስትጨርሱ ወዲያው አትውጡ። ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ቆዩ፤ አካባቢው እንጨት፣ ካርቶን ወይም ስፖንጅ ካለበት አንድ ሰዓት። ሁለት ባልዲ አሸዋ አጠገባችሁ ይኑር።

## ደረጃ 3፦ ቁርጥራጭ ላይ ተለማመዱ

ማሽኑን አስተካክሉ። ኢ 6013 የሚባለውን ኤሌክትሮድ ግዙ። ለጀማሪ የሚታገሰው እሱ ነው።

- 2 ሚሊ ሜትር ኤሌክትሮድ፦ ከ40 እስከ 65 አምፔር
- 2.5 ሚሊ ሜትር፦ ከ60 እስከ 90 አምፔር
- 3.2 ሚሊ ሜትር፦ ከ90 እስከ 130 አምፔር

ከመሃል ጀምሩና ወደ ላይ ወይም ወደ ታች 5 አምፔር እየቀያየራችሁ ሞክሩ። ማሽኑ ላይ የተጻፈውን ቁጥር ሙሉ በሙሉ አትመኑት። ማታ ማታ ሰፈሩ ሁሉ ምጣድ ሲሰካ ቮልቴጁ ይወርዳል፣ አርኩም (ብረቱን የሚያቀልጠው ብልጭታ) ይደክማል። አስፈላጊውን ብየዳ ጠዋት ሥሩ።

የማስረዘሚያ ገመዱን ጥቅልል ሙሉ በሙሉ ፍቱት። ተጠቅልሎ እያለ ከሠራ ይግላል፣ ይቀልጣል። ቀጭን የቤት ገመድ አይሆንም፤ ቢያንስ 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር፣ ርቀቱ ከረዘመ 4 ይሁን። መብራት ሲሄድ ማሽኑን ወዲያው አጥፉ። ሲመለስ የሚመጣው ኃይል ማሽን ያቃጥላል።

እጃችሁን አስለምዱ። በዚህ ተራ ሂዱ፦

1. 4 ሚሊ ሜትር ላሜራ ቁራጭ ላይ 10 ሴንቲ ሜትር ቀጥ ያለ መስመር በየዱ። 50 መስመር።
2. ሁለት ቁራጭ ጎን ለጎን አጋጥሙ። 20 ጊዜ።
3. አንዱን ቁራጭ በሌላው ላይ አቁማችሁ ማዕዘኑን በየዱ። 30 ጊዜ።
4. ያንኑ በ2 ሚሊ ሜትር ቱቦላሬ (ውስጡ ባዶ የሆነ ባለ አራት ማዕዘን ብረት) ድገሙት። እዚህ ላይ ቀዳዳ ታወጣላችሁ፤ ይጠበቃል።

የኤሌክትሮዱ ጫፍ ከብረቱ ያለው ርቀት ከኤሌክትሮዱ ውፍረት አይብለጥ። በ2.5 ኤሌክትሮድ ማለት ሁለት ሚሊ ሜትር ተኩል ያህል ማለት ነው። ኤሌክትሮዱን ወደምትሄዱበት አቅጣጫ ትንሽ አዘንብሉትና ጎትቱት፤ አትግፉት። ዓይናችሁ ብልጭታው ላይ አይሁን። ከኋላው ያለውን ቀልጦ የሚያበራ ኩሬ እዩ። ስፋቱ እኩል ከሆነ ፍጥነታችሁ ልክ ነው።

እኔ በተማርኩበት ወርክሾፕ ጋሼ የምንላቸው ሸምገል ያሉ በያጅ ነበሩ። ስበይድ አያዩኝም። ጀርባቸውን ሰጥተውኝ የራሳቸውን በር ይለካሉ። ድንገት "ራቅክ!" ይላሉ። ዝቅ እላለሁ። "አሁን ልክ ነው፣ ሂድ።" በሦስተኛው ቀን "ጋሼ፣ ሳያዩኝ እንዴት አወቁ?" አልኳቸው። "ጥብስ ምጣድ ላይ ሲንቻቻ አታውቅም?" አሉኝ። ከዚያ በኋላ ሰማሁት። ርቀቱ ልክ ሲሆን ድምፁ ሳይቋረጥ እኩል ይንቻቻል። ሲርቅ ይንፏፏል፣ ይተፋል። ሲቀርብ ይታፈንና ኤሌክትሮዱ ይጣበቃል። እናንተም ጆሯችሁን አስለምዱት። ጭምብል ውስጥ ሆናችሁ ከዓይን ቀድሞ የሚነግራችሁ እሱ ነው።

ፈተና። ማዕዘኑን በአንድ በኩል ብቻ በየዱ። ሞርሳ (ጠረጴዛ ላይ የሚታሰር የብረት መቆንጠጫ) ላይ እሰሩትና ወደተበየደው በኩል በመዶሻ ምቱት። ብረቱ ራሱ ከታጠፈ ወይም ብየዳው ሁለቱን ብረቶች ይዞ ከተቀደደ አለፋችሁ። ብየዳው እንደ ማስቲካ ከአንዱ ብረት ተላቆ ከወጣና ሥሩ ያልቀለጠ ከሆነ፣ ላዩ ቢያምርም አልያዘም። አምፔር ጨምሩ፣ ቀስ በሉ፣ ድገሙት። አምስት ተከታታይ ሳታልፉ ወደ ደረጃ 4 አትሂዱ።

## ደረጃ 4፦ ሞዴል፣ ክብደት፣ ሚዛን

በካርቶን የሥራውን አንድ አሥረኛ ሥሩ። የወርክሾፑን በርም በዚያው ልክ በካርቶን ቁረጡና ሞዴሉን አሳልፉበት። ካላለፈ አሁኑኑ የሚፈታ ሥራ አድርጉት፦ ሁለት ወይም ሦስት ክፍል፣ በቡሎን የሚያያዝ።

ከዚያ ክብደቱን አስሉ። ቀላል ነው። አንድ ካሬ ሜትር ላሜራ በአንድ ሚሊ ሜትር ውፍረት 7.85 ኪሎ ይመዝናል። ስለዚህ 2 ሚሊ ሜትሩ 15.7 ኪሎ፣ 3 ሚሊ ሜትሩ 23.5 ኪሎ ገደማ ነው። 40 በ40 የሆነ ባለ 2 ሚሊ ሜትር ቱቦላሬ በሜትር 2.3 ኪሎ አካባቢ ነው። ባለ 12 ፌሮ በሜትር 0.89 ኪሎ ነው፤ አንድ 12 ሜትር ቤርጋ ወደ 10.7 ኪሎ ይሆናል።

ምሳሌ፦ ሥራችሁ 3 ካሬ ሜትር ባለ 2 ሚሊ ሜትር ላሜራና 12 ሜትር ቱቦላሬ ቢወስድ፣ 47 እና 28፣ በድምሩ 75 ኪሎ ነው። ሁለት ሰው በችግር ያነሳዋል። 150 ኪሎ ከሆነ ማን እንደሚያነሳው ዛሬ ተነጋገሩ።

ሚዛኑን ለማወቅ ሞዴሉን ከአንድ ነጥብ በክር ስቀሉት፤ ከዚያ ከሌላ ነጥብ። ሁለቱ ክሮች ወደ ታች ቢቀጥሉ የሚገናኙበት ቦታ የክብደቱ መሃል ነው። ካርቶኑ በየቦታው ከብረቱ ውፍረት ጋር በተመጣጠነ መጠን መደረብ አለበት፤ አለዚያ ይዋሻል። ይህ መሃል ከመሬት 1 ሜትር ላይ ሆኖ የመቆሚያው ስፋት 60 ሴንቲ ሜትር ከሆነ፣ ሥራው 17 ዲግሪ ገደማ ሲዘነበል ይወድቃል። ልጅ ቢደገፍበት በቂ ነው። መቆሚያውን አስፉ፣ ወይም እግሩ ውስጥ ወፍራም ብረት ጨምሩ፣ ወይም መሬት ላይ የሚታሰርበት ቀዳዳ አዘጋጁ።

## ደረጃ 5፦ ብረቱን ግዙና አጽዱ

አዲስ አበባ ውስጥ ያላችሁ መርካቶ ምናለሽ ተራ ሂዱ። የማሽን ጥርስ፣ ሰንሰለት፣ ባሌስትራ (የመኪና ሞላ)፣ የተቆረጠ ቧንቧ ሁሉም አለ። አሜሪካዊው ቀራፂ ዴቪድ ስሚዝ በ1962 እ.ኤ.አ. ጣሊያን ቮልትሪ ውስጥ የተዘጉ ፋብሪካዎች ሲሰጡት፣ መሬት ላይ የቀረውን መቆንጠጫና ቁርጥራጭ እያነሳ በአንድ ወር 27 ሥራ ሠርቷል። ስሚዝ ግን ከዚያ በፊት ፋብሪካ ውስጥ በብየዳ የሠራ ሰው ነበር። እናንተ ስትጀምሩ ከቁርጥራጩ የሚበየደውን ለዩ፦

- ግራይንደር አስነኩት። ረጅም፣ ብጫማ፣ ብዙ የማይበታተን ብልጭታ ከሆነ ተራ ብረት ነው፤ ይበየዳል። እንደ ርችት የሚበታተን ከሆነ ጠንካራ ብረት ነው። ባሌስትራ እንዲህ ነው። ሲበየድ ይይዛል፣ ሲቀዘቅዝ ይሰነጠቃል። ክብደት የሚሸከም ቦታ ላይ አታስገቡት።
- አጭር፣ ቀላ ያለ ብልጭታ ካወጣ ምናልባት ቀልጦ ቅርጽ ውስጥ የፈሰሰ ብረት (ካስት አይረን) ነው፤ የድሮ ሞተር ቤት፣ የከሰል ምድጃ። በተራ ኤሌክትሮድ አይያዝም። በቡሎን እሰሩት።
- ማግኔት የማይዘው ከሆነ ለአሁኑ ተዉት።

ቀጥሎ መገጣጠሚያዎቹን አጽዱ። ከጠርዙ 3 ሴንቲ ሜትር ያህል ዝገት፣ ቀለምና ቅባት ይነሳ፣ ብረቱ እስኪያበራ። ይህን የሚዘሉ ሰዎች ብየዳቸው እንደ እንጀራ ዓይን ያወጣል። እንጀራ ላይ ያምራል፤ ብየዳ ላይ ስብራት ነው።

## ደረጃ 6፦ ቁረጡ

በኖራ ጠመኔ ሳይሆን በሹል ብረት ጭረት ምልክት አድርጉ። የጠመኔ መስመር 2 ሚሊ ሜትር ይወፍራል፤ አሥር ቁራጭ ላይ 2 ሴንቲ ሜትር ስህተት ይሆናል። ዲስኩም ከ1 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ይበላል። ከመስመሩ በትርፉ በኩል ቁረጡ። እያንዳንዱን ቁራጭ እንደቆረጣችሁ ቁጥር ጻፉበት። የቆረጣችሁትን ጠርዝ ሞርዱት፤ ላሜራ እንደ ምላጭ ይቆርጣል።

## ደረጃ 7፦ በነጥብ አያይዙ

ብዙ ሥራ የሚበላሸው እዚህ ነው። ስለዚህ ቀስ ብለን እንሂድ።

ብየዳ ሲቀዘቅዝ ይሰበሰባል። ሲሰበሰብ ብረቱን ወደ ራሱ ይጎትታል። አንድ ማዕዘን ሙሉ በሙሉ በይዳችሁ ወደ ቀጣዩ ከሄዳችሁ፣ የመጀመሪያው ማዕዘን ሥራውን ወደ ራሱ ስቦ ጨርሷል። በስኳድራ 90 ዲግሪ አድርጋችሁ የያዛችሁት 87 ይሆናል። አሥር ማዕዘን ላይ ይህ ይደማመራል። አርቲስቱ "ለክቼ ነበር እኮ" ይላል። ልክ ነው፣ ለክቷል። ብየዳው ነው የጎተተው።

መፍትሔው ሥራው ሙሉ በሙሉ በትናንሽ ነጥቦች ተያይዞ ሳይቆም አንድም ረጅም መስመር አለመበየድ ነው።

1. ደልዳላ ወለል ወይም የብረት ጠረጴዛ ላይ ሥሩ። በውሃ ልክ አረጋግጡ። ወለሉ ከተንጋደደ ሥራውም ይንጋደዳል።
2. ሁለቱን ቁራጮች በክላምፕ እሰሩ። በእጅ ይዞ መበየድ አይሆንም፤ ነጥቡ ሲቀዘቅዝ እጃችሁን ይዞ ይሄዳል።
3. በአንዱ ጫፍ አንድ ነጥብ አድርጉ። ርዝመቱ ከ5 እስከ 8 ሚሊ ሜትር ይሁን።
4. ስኳድራ ያዙበት። ሄዷል? በመዶሻ ቀስ ብላችሁ መልሱት። አንድ ነጥብ ይታጠፋል፤ ሁለት ነጥብ ግን አይታጠፍም።
5. በተቃራኒው ጫፍ ሁለተኛውን ነጥብ አድርጉ። እንደገና ለኩ።
6. ከዚያ መሃል ላይ፣ ከዚያ በቀሩት መሃሎች። ለ2 ሚሊ ሜትር ላሜራ በየ5 እስከ 8 ሴንቲ ሜትር አንድ ነጥብ ይበቃል።
7. ብየዳው ላይ የሚደርቀውን ቅርፊት ከእያንዳንዱ ነጥብ ላይ በመዶሻ አንሱ። ሳይነሳ በላዩ ከተበየደ ውስጥ ይቀራል። ስታነሱ መነጽር አድርጉ።
8. ማዕዘን ለማዕዘን ደጋፊ ፌሮ ጊዜያዊ አድርጋችሁ ያዙ። የማዕዘኑን ስፋት የሚጠብቅላችሁ እሱ ነው። የሚነሳው ሥራው ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው።

አራት ማዕዘን ከሆነ ሁለቱን ሰያፍ ለኩ። እኩል ካልሆኑ ማዕዘኖቹ ልክ አይደሉም፤ ስኳድራው ምንም ቢል። የቆመ ሥራ ከሆነ ቱንቢ አንጠልጥሉበት።

ሁሉም በነጥብ ተይዞ ሲቆም ሥራ አቁሙ። ሌሊቱን ይደር። በማግሥቱ ጠዋት በአራቱም በኩል ዞራችሁ እዩት፣ ከሩቅም ከቅርብም። ቅርጹን ልትቀይሩ የምትችሉት የመጨረሻው ሰዓት ይህ ነው። አንድ ነጥብ በግራይንደር ማንሳት ግማሽ ደቂቃ ይፈጃል። ሙሉ ብየዳ ማንሳት ግማሽ ቀን ይፈጃል፣ ብረቱንም ያሳሳል። እኔ እዚህ ጠዋት ላይ አንድ ክንድ ሁለት ጊዜ አንስቼ መልሼ አድርጌ አውቃለሁ። ያለዚያ ጠዋት ያ ሥራ አይቆምም ነበር።

## ደረጃ 8፦ ሙሉ ብየዳ

የመኪና ጎማ ቡሎን እንደሚታሰረው አስቡት፦ አንዱን ካሰራችሁ ተቃራኒውን። ብየዳውም እንዲሁ ነው።

- በአንድ ጊዜ ከ3 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር ብቻ በየዱ። ከዚያ ወደ ተቃራኒው ጎን ሂዱ።
- በረጅም መስመር ላይ ከመሃል ጀምሩና ወደ ዳር ሂዱ። እያንዳንዱን አጭር ቁራጭ ግን ወደ ኋላ፣ ወደተበየደው አቅጣጫ በየዱት።
- እጃችሁን ጠጋ ስታደርጉ ሙቀቱ ከሩቅ ከተሰማችሁ ቦታውን ተዉት። ይቀዝቅዝ። ውሃ አትድፉበት።
- ለ2 ሚሊ ሜትር ብረት ማዕዘን ላይ 2 ሚሊ ሜትር ገደማ የሚሆን ብየዳ ይበቃል። ማወፈር ጥንካሬ አይጨምርም፤ መጣመም ይጨምራል።
- ሁሉንም መበየድ ግዴታ አይደለም። ክብደት የማይሸከም ላሜራ 3 ሴንቲ ሜትር ተበይዶ 6 ሴንቲ ሜትር ቢዘለል ይይዛል። ዝናብ የሚያገኘው ግን ውሃ እንዳይገባበት ይዘጋ።

ዝግ የሆነ ቱቦላሬ ወይም ሳጥን ካለ የመጨረሻውን ጎን ከመዝጋታችሁ በፊት 5 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ብሱ። ውስጡ ያለው አየር ሲሞቅ የቀለጠውን ብየዳ ወደ ውጭ ይተፋዋል። ደጅ የሚቆም ሥራ ከሆነ ቀዳዳውን ከታች አድርጉት፣ ወደ 8 ወይም 10 ሚሊ ሜትር አስፉት፤ ውሃም ይወጣበታል።

ማሽኑም ዕረፍት አለው። ጀርባው ላይ 60 በመቶ ተብሎ ከተጻፈ፣ በዚያ አምፔር ከ10 ደቂቃ ውስጥ 6ቱን ብቻ ይሠራል ማለት ነው። አራቱን ደቂቃ ቅርፊት አንሱበት፣ ለኩበት።

## ደረጃ 9፦ ነገር ሲበላሽ

ቀዳዳ ሲወጣ። አቁሙ። ቶሎ ልድፈነው ብላችሁ ከቀጠላችሁ ይሰፋል። ይቀዝቅዝ። አምፔር ከ10 እስከ 15 ቀንሱ። ከኋላው ወፍራም የመዳብ ቁራጭ አስጠጉ፤ ብየዳው እሱ ላይ አይጣበቅም። ከቀዳዳው ዳር ጀምራችሁ ነጥብ በነጥብ፣ በየነጥቡ እያረፋችሁ ወደ መሃል ሙሉ።

ኤሌክትሮዱ ሲጣበቅ። በአንድ ጊዜ ጠምዝዛችሁ ንቀሉት። ካልተነቀለ መያዣውን ልቀቁት። ከተደጋገመ ወይ አምፔሩ አንሷል፣ ወይ የመሬት ገመዱ መቆንጠጫ ዝገት ላይ ነው የተያዘው። ቦታውን ፍቁ።

ብየዳው ዓይን ሲያወጣ። ብረቱ ቆሻሻ ነው ወይም ኤሌክትሮዱ እርጥበት ጠጥቷል። ክረምት ላይ ይህ የታወቀ ነው። 6013 ኤሌክትሮድን ከ100 እስከ 150 ዲግሪ ኦቨን ውስጥ አንድ ሰዓት ያህል አድርቁ፤ ምግብ በማይጋገርበት ኦቨን። ከዚያ ክዳን ባለው ቧንቧ ውስጥ አስቀምጡ። ሽፋኑ የተሰነጠቀውን ጣሉት። ዓይን ያወጣውን ብየዳ ፍቃችሁ እንደገና በየዱ፤ በላዩ ላይ መድገም አይሆንም።

ሥራው ሲጣመም። በጉልበት አትመልሱት፤ ሌላ ቦታ ይሰነጠቃል። የጎተተውን ብየዳ ፈልጉ። ብዙ ጊዜ በተጣመመበት ውስጠኛ ጎን ያለው ነው። በቀጭን ዲስክ ቁረጡት፣ ብረቱ ራሱ ሲለቅ ታያላችሁ። በክላምፕ መልሱ፣ በነጥብ ያዙ፣ በአጭር በአጭሩ በየዱ።

ብየዳው ከዳር ሲሰነጠቅ። ብረቱ ጠንካራ ዓይነት ነው። ደጋግሞ መበየድ ያባብሰዋል። ቀዳዳ በስታችሁ በቡሎን እሰሩት።

ማሽኑ ሲነዝራችሁ። ሥራ ይቁም። እርጥብ ጓንት፣ እርጥብ መሬት ወይም የተላጠ ገመድ አለ። "ትንሽ ነው" የሚላችሁን አትስሙ። ደረቅ ጣውላ ላይ ቁሙ፣ ገመዱ ይቀየር።

## ደረጃ 10፦ ሞርዱ፣ ቀቡ

ሁሉንም ብየዳ ሞርዶ ማጥፋት የጀማሪ ፈተና ነው። ክብደት የሚሸከመውን ብየዳ ከብረቱ ጋር እኩል እስኪሆን ከሞረዳችሁት ጥንካሬውን ወሰዳችሁት። የሚታየውን ሞርዱ፣ የሚሸከመውን ተዉ።

ስትጨርሱ አቧራውን ጥረጉ፣ በቲነር በተነከረ ጨርቅ ቅባቱን አንሱ። ቲነር ስትጠቀሙ በአካባቢው ብየዳም ግራይንደርም አይኑር። በዚያው ቀን አንቲረስት (ዝገት የሚከላከል ቀለም) ቀቡ። ክረምት ከሆነ የተሞረደ ብረት አድሮ ይዝጋል። ሁለት ዙር አንቲረስት፣ ከደረቀ በኋላ የላይኛው ቀለም።

## ደረጃ 11፦ ጫኑና አቁሙ

አይሱዙ ከመጥራታችሁ በፊት የጭነት ቦታውን ርዝመትና ስፋት ለኩ፤ በስልክ የሚነገራችሁን አትመኑ። ሥራው በሚፈታ ክፍል የተሠራ ከሆነ ለኤም 12 ቡሎን 13 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ብሱ። ሁለቱን ጠፍጣፋ ብረቶች አንድ ላይ አስራችሁ በአንዴ ብሱ፤ ለየብቻ የተበሳ ቀዳዳ አይገናኝም። ወርክሾፑ ውስጥ አንድ ጊዜ ሙሉ በሙሉ ፍቱት፣ እንደገናም ግጠሙት። ኤግዚቢሽን ቦታ ላይ ማታ በስልክ መብራት ከመታገል ያድናችኋል።

ስታነሱ ከቀጭኑ ክንድ አትያዙ። ማንሻ የሚሆን ቀለበት ከቀለም በፊት፣ በሙሉ ብየዳው ጊዜ፣ በክብደቱ መሃል ልክ ከላይ በየዱ፤ ከዚህ በፊት በክር ያገኛችሁት መሃል ማለት ነው። መኪናው ላይ ብረት ከብረት እንዳይፋተግ ካርቶንና አሮጌ ጎማ አስገቡ። ተኝቶ የሚሄድ ከሆነ ተኝቶ ሲሄድ የትኛው ክንድ ክብደቱን እንደሚሸከም እዩ፤ የቆመ ሥራ የተሠራው ተኝቶ እንዲሸከም አይደለም። ከታች እንጨት ደግፉለት።

ቦታው ላይ ከቆመ በኋላ በእጃችሁ ከትከሻችሁ ከፍታ ግፉት። ከተንቀሳቀሰ ለሕዝብ አትክፈቱት። መሬት ላይ ይታሰር ወይም እግሩ ይክበድ። ከሳምንት በኋላ ተመልሳችሁ ቡሎኖቹን አንድ በአንድ በቁልፍ ፈትሹ፤ የላላውን አጥብቁ፣ በቀለም ምልክት አድርጉበት።